ቅሬ ያልለየውን ብድርና ቁጠባ ለምን ይለያል?

በወልድያና በመርሳ ከተሞች፣ በሀብሩም ገጠር ቀበሌዎች፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሐዘኑን በአንድነት የሚሸከምበት ቅሬ የሚባል ከአባቶች የወረደ ሥርዓት አለ፤ ሰው ባረፈ ጊዜ ቅሬተኛው ሥራውን ትቶ ይወጣል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ሐዘንተኛውን ያጽናናል፤ ሟቹም ዓይነ ስውር ይሁን ወይም እግሩ የማይታዘዝለት፣ መስማት የተሳነው ይሁን ወይም እጁን ያጣ፣ ከዚህ ክብር አይጎድልበትም። ይኸው ሰው ግን በሕይወቱ ሳለ በግ አድልቦ ለመሸጥ፣ ጉልት ለመዘርጋት ወይም የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት ጥቂት ሺህ ብር ልበደር ብሎ ሲነሣ፣ ነገ አስከሬኑን በትከሻቸው የሚሸከሙት ጎረቤቶቹ ዛሬ ዋስ ሊሆኑለት ያመነታሉ።

በክልላችን ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሕዝቡ አብቁተ የሚለው፣ ለድኻው በሩን የከፈተበት ዋነኛው ዘዴ የቡድን ዋስትና ነበር፤ የሚያስይዘው ንብረት የሌለው ሰው ከመሰሎቹ ጋር ተቧድኖ፣ አንዱ ያልከፈለውን ሌሎቹ ሊከፍሉ ተማምነው ይበደራሉ። ዘዴው ብዙዎችን ከአራጣ አበዳሪ እጅ ያወጣ መልካም ጥበብ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አባላቱን የሚመርጠው ራሱ ቡድኑ ስለ ሆነ፣ በደንብ ላይ «አካል ጉዳተኛ አይገባም» የሚል ቃል ሳይጻፍ፣ የብድር ሠራተኛውም ክፋት ሳያስብ፣ በጎረቤት ሥጋት ብቻ በሩ ይዘጋል፤ ደጋግሞ የተገፋውም ሰው ውሎ አድሮ ሳይጠይቅ ራሱን ያገልላል።

ሕጉም ከዚህ ነቀፋ ነፃ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 የዓይነ ስውር ሰው ፊርማ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ሹም ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል፤ ሐሳቡ ሰውየው እንዳይታለል መጠበቅ ነበር፣ አበዳሪ ግን በዚህ ምክንያት ከዓይነ ስውር ጋር መዋዋልን እንደ አደጋ ቢቆጥረው አይደንቅም። በአንጻሩ አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመምራትና ከሌላው እኩል ብድር የማግኘት መብታቸውን ያጸናል። ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ወንበር ዘርግተው ድጓውንና ቅኔውን ከልባቸው እያወጡ ደቀ መዛሙርት ባፈሩበት አገር፣ ምስጢረ መጻሕፍትን ያመናቸው ሕዝብ የብድር ውል ሊያምናቸው እንዴት ይሳነዋል?

እ.ኤ.አ. በ1991 ኬር የተባለው ድርጅት በኒጀር ከሴቶች ጋር የጀመረው፣ ኋላም ወደ እኛ አገር የደረሰው የቁጠባ ቡድን ከቡድን ዋስትናው የተሻለ መንገድ ያሳያል፤ አባላቱ በየስብሰባው እንደ አቅማቸው ዕጣ ይገዛሉ፣ ከተጠራቀመው ይበዳደራሉ፣ በዓመቱም ይከፋፈላሉ፤ ገንዘቡም ሦስት ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቁልፎቹ በሦስት ሰዎች እጅ ይሆናሉ። ቁጠባው ብድሩን ስለሚቀድም፣ ማንም በአካሉ ሳይሆን በልማዱ ይታወቃል። ሒሳቡም በጉባኤ ፊት በቃል ስለሚነገር ለዓይነ ስውሩ ይስማማል፤ መስማት ለተሳነው ግን የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ካልተቀመጠለት ስብሰባው ባዶ ነው፤ ጉባኤውም ዳገት ላይ ከተጠራ በክራንች የሚሄደው አይደርስም። በሀብሩ ወለድ በሃይማኖቱ የተከለከለበት ወገን ብዙ ነውና፣ ከወለድ ነፃ የሆነ ብድርም አብሮ ሊታሰብ ይገባል። አካል ጉዳተኞችን ብቻ ለይቶ የሚሰበስብ ማኅበር ለመበረታታት ይጠቅም ይሆናል፤ እኔ ግን ከሠፈሩ ጋር ተቀላቅለው ቢቆጥቡ እመርጣለሁ፣ ገበያውም ደንበኛውም ዋሱም ያለው እዚያው ነውና።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መባቻ የሰሜኑ ጦርነት በወልድያና በመርሳ ካለፈ ወዲህ አካላቸው የጎደለ ወጣቶች በየሠፈሩ ተጨምረዋልና ነገሩ ለሌላ ጊዜ የሚተው አይደለም። የቅሬ ዳኞች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ቅሬው ራሱ ለአካል ጉዳተኛ አባሉ ዋስ እንዲሆን ተነጋገሩ፤ አበዳሪዎችም ይህን ዋስትና እንደ ማናቸውም ዋስትና ተቀበሉ።