ለአስማት የሚሆን ጨው

«የዘንዶ እንባ ይሻላል ወይስ የፊኒክስ አመድ?» አለኝ ወዳጄ።

«ለምኑ?»

«ለጨዋታዬ ነዋ! ጠንቋዩ የሞተ ጓደኛውን ለማስነሳት እሳት ላይ የሚጨምረው ነገር እፈልጋለሁ።»

ወዳጄ የጠረጴዛ ጨዋታ ይደርሳል። አራት አምስት ሰው ከብቦ ይቀመጣል፤ አንዱ ዓለሙን ይተርካል፣ ሌሎቹ ተዋጊም ሌባም ጠንቋይም ሆነው ይገቡበታል፤ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ እንደሆነ ዳዶው ይወስናል። ይህን የምንጫወተው ጎዶማ ቁጭ ብለን ነው፤ ሞያሌ፣ በኬንያው ወገን።

«ሁለቱም አይሆኑህም» አልኩት። «የዘንዶ እንባን ማን ለቀመው? በየትኛው ወር? ተጫዋችህ ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ?»

«አስማት ነው እለዋለሁ።»

«እንዲያማ ከሆነ ስሙን ከመቀየር በቀር ምንም አልፈጠርክም። የጨዋታው አባቶች እንኳ እንዲህ አላደረጉም።»

እነ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን ያወጡት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ነው። በኋላ በታተሙት የጨዋታው መጻሕፍት ጠንቋይ የእሳት ኳስ ለመወርወር የሌሊት ወፍ ኩስና ድኝ መያዝ አለበት። የባሩዱ ጨው ከሌሊት ወፍ ኩስ ይወጣል፤ ድኙም ከባሩድ አይለይም። መብረቅ ለመጣል የእንስሳ ፀጉርና የመስተዋት ዘንግ ይፈለጋል፤ ሁለቱን ያፋተገ ሰው ብልጭታውን ያውቀዋል።

«ሙት ለማስነሳትስ?» አለኝ።

«አልማዝ። ዋጋው 500 የወርቅ ሳንቲም።»

«ጥሩ ነው እኮ!»

«እኔን ብትጠይቀኝ ከሁሉም ደካማው እሱ ነው። ገንዘብ ያለው ገዝቶ ይገባል፤ አለቀ። ማንም አልደከመበትም፣ ማንም አልተለመነም። ይልቅ እዚሁ አጠገባችን ያለውን እይ። ዳካራን ታውቀዋለህ?»

«ዕጣኑን? እንዴታ!»

ዳካራ ቦረና ቆላ የሚበቅል የዕጣን ዛፍ ነው። ሙጫው ጠቆር ይላል፤ የቅርፊት ፍርፋሪ ተጣብቆበት ይመጣል፤ ፍም ላይ ሲያርፍ ጥድ ጥድ የሚል ጭስ ይሰጣል። የሰሜኑ ዕጣን፣ የመተማው ለምሳሌ፣ ግንዱ በስለት እየተፋቀ ነው የሚደማው። የቦረናው ግን በአብዛኛው ማንም ሳይቆርጠው ራሱ ያነባል። ሴቶችና ልጆች ከብት እየጠበቁ በበጋ ይለቅሙታል።

«ስለዚህ አንደኛው የተገደደ ዕጣን ነው፣ ሌላው ዛፉ በፈቃዱ የሰጠው» አለ ወዳጄ፣ ብዕሩን እየፈለገ።

«ጻፈው! የሰሜኑን ደግሞ ጨምርበት፦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ የተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ የዚያ ዛፍ ዕጣን በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተንብዮአል። ከብቱ ይግጣል፣ እሳቱ ያቃጥላል፣ ችግኙ አድጎ የሞተውን አይተካም።»

«እንግዲያው በኔ ጨዋታ የተገደደው ዕጣን ኃይሉ እጥፍ ይሁን። ግን በተጠቀሙበት ቁጥር በካርታው ላይ አንድ ጫካ ይጠፋል።»

ይሄኔ በጣም ደስ አለኝ። ይህ ሕግ ተጫዋቹን ያስጨንቀዋል፤ አልማዙ ግን አያስጨንቀውም።

ቀጥዬ ስለ ሶዳ አጫወትኩት። ከሞያሌ ወደ ያቤሎ በሚወስደው መንገድ፣ በመጋና በዱብሉቅ መካከል፣ ሶዳ የሚባል፣ ጥንት እሳተ ገሞራ የቆፈረው ገደል አለ። ከሥሩ ጥቁር ሐይቅ ተኝቷል፤ አማርኛ ተናጋሪው ጨው ቤት ይለዋል። ወንዶች ረጅም ዘንግ ይዘው ውኃው ውስጥ ይገባሉ፤ ጆሮና አፍንጫቸውን ደፍነው ይጠልቃሉ፤ ከወለሉ ጨው ያዘለ ጥቁር ጭቃ ይዘው ይወጣሉ። ውኃው ዓይን ያቃጥላል፣ ቆዳ ይበላል። ከዚያ አህዮች ተጭነው ያን ቁልቁለት መልሰው ይወጡታል። ጨው ያጣ ከብት ስለሚከሳ፣ የአርብቶ አደሩ ኑሮ ከዚህ ጉድጓድ ጋር የተሳሰረ ነው።

ወዳጄ ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እኮ የዘንዶ እንባ ስፈልግ ነበር» አለ።

«አሁን ዘንዶውን ከሐይቁ ሥር አስቀምጠው፤ ማን ከለከለህ?»

«ሥርዓቱስ? ጠንቋዩ ብቻውን ዋሻ ውስጥ ገብቶ ያጭሰው?»

«እሱን ከቡና ቀላ ተማር» አልኩት። ቡና ቀላ በቦረና ቤት የምርቃትና የጸሎት ቡና ነው። ቡናው ከነገለባው ይመጣል፤ ሴቶቹ የፍሬውን ጫፍ ጫፍ በጥርሳቸው ይነክሳሉ፣ ከዚያ ቅቤ ውስጥ ይጠበሳል። ፍሬው ሲፈነዳ ይሰማል። ሽማግሌው ይመርቃል፣ የተቀመጠው ይቀበላል፣ ቅቤውን ሰው ገላው ላይ ይቀባል፤ ፍሬውም ከወተት ጋር ለሁሉም ይዳረሳል። ልብ በል፣ ቡናው ቆላው ላይ አይበቅልም፤ ከደጋው በንግድ የመጣ ነው። ቅቤው የራስ ነው። አንዱን የሩቅ ሰው ካልሸጠልህ፣ ሌላውን የገዛ ላምህ ካልሰጠችህ ምርቃቱ አይሞላም። ብቻህን የምትጨርሰው ነገር አይደለም።

«እንግዲያው ሕጉ ይሄ ነው» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጠንቋዩ ቅመሙን ብቻውን ከበላው ይሞታል። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሁሉ ሲቀምሱት ነው የሚሠራው። አንዱ እንኳ እምቢ ካለ...»

«ዳዶውን መጣል አያስፈልግም።»

«በትክክል! ከዚያ በመጨረሻ አባ ገዳው በግንባሩ የሚያደርገውን ከለቻ እንዲሰርቁ ላድርግ?»

እዚህ ላይ ተቆጣሁ፤ አልደብቅም። «ይሄን ተው! የገዳ ሥርዓት ዛሬም የሚኖር ሥርዓት ነው። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 መዝግቦታል፤ አባ ገዳው በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ይረካከባል፤ ከድንበሩ ወዲህ ያለው ቦረናም ከወዲያ ያለውም የሚያውቀው ያንኑ አባ ገዳ ነው። ጎረቤትህ የሚያከብረውን ዕቃ ለሌባ ገጸ ባሕርይ ምርኮ አታድርገው። ጨውን ውሰድ፣ ዕጣንን ውሰድ፣ ድካሙን፣ ወቅቱን፣ ተካፍሎ መብላቱን ውሰድ። እነዚህ የሁላችንም ናቸው። ከለቻው ግን ባለቤት አለው።»

«ፈጥሬ የራሴን ባደርግስ? ሌላ ስም፣ ሌላ ቅርጽ?»

«ያን ጊዜ መጀመሪያ ለአንድ ቦረና ሽማግሌ ንገራቸው። ከፈቀዱልህ እኔም አብሬህ እጫወታለሁ።»

ተስማማ። ያን ዕለት ከጻፈው የቀረው አንድ ቅመም ነው፤ «የጥቁሩ ሐይቅ ጨው» ብሎታል። ጠልቀው ካላወጡት አይገኝም፤ አይሸጥም፣ በለውጥ ብቻ ይሰጣል፤ ዝናብ ከነካው ይሞታል፤ ሙት የሚያስነሳው ሁሉም ሲቀምሱት ነው። የሚነሳው ሰው ግን አንድ ትዝታ አጥቶ ይነሳል። የትኛው እንደሚጠፋ የሚመርጡት ጓደኞቹ ናቸው። ይህቺ የመጨረሻዋ የራሱ ናት፤ እኔ አልነገርኩትም፤ ከሁሉም የበለጠችውም እሷ ናት።

ወዳጄ አሁን ሁለተኛውን ቅመም እየፈለገ ነውና አንባቢዎቼን ላስቸግር። በናንተ ቤት የወተት ዕቃ የሚታጠነው በወይራ ነው ወይስ በሌላ እንጨት? ለአራስ፣ ለሙሽራ፣ ለአዲስ ቤት የሚጨሰውስ ምንድን ነው? ማን ይለቅመዋል፣ በየትኛው ወር፣ ማንስ እንዳይነካው ይከለከላል? እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉልን።