ከብረቱ በፊት ስሙ ይቁም

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

«ለዘማቾች መታሰቢያ አንድ አሮጌ ታንክ ወይም የጦር መኪና አደባባይ ላይ ቢቆም እንጅባራ ታምርበት ነበር» የሚል አሳብ በእድር ድንኳንም በጠላ ቤትም ደጋግመን እንሰማለን። አሳቡን የሚያነሡት ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ ዘማቹ እንዳይረሳ ብለው ነው። እኛ ግን ዝም ማለት አልቻልንም። ብረት ማቆምና ዘማች ማስታወስ ለየቅል ናቸውና።

እስቲ እንጠያየቅ። መኪናው የማን ነበር? ማን ነዳው? የት ቆመ? ማን ማረከው? ይህን የሚመልስ ጽሑፍ ከሌለው የቆመው ቁርጥራጭ ብረት ነው። ልጆች ይንጠላጠሉበታል፣ ሙሽራ ፎቶ ይነሣበታል፣ አለቀ!

የገዛ ታሪካችን ስለ ታንክ የሚነግረን ሌላ ነው። በታኅሣሥ 1928 የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን ይዘው ተከዜን ሲሻገሩ፣ ጣሊያን ደምበጉና ላይ ትንንሽ ታንኮች አሰልፎ ገጠማቸው። የታንኮቹ መትረየስ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይዞርም ነበር። ወታደሮቹ በጎንና በኋላ ዞረው ላያቸው ላይ ወጡ፤ ታንኮቹም እዚያው ቀሩ። ታዲያ ለዚያ ውሎ መታሰቢያ ይቁም ቢባል ማን ይቁም? ብረቱ ወይስ ላዩ ላይ የወጣው ሰው? አገው ምድርም ያኔ በጎጃም ግዛት ውስጥ ነበር። ከያንዳንዳችን ቤት ማን እንደ ዘመተ እናውቃለን? ስንቶቻችን?

ማስታወስ አንችልም እንዳይባል፣ ምስክራችን ደጃችን ላይ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ የቆየ ነው። ጥር 23 ሲከበር የኖረውም በ1888 አድዋ የዘመተውን ሰው ከነፈረሱ ለማሰብ ነው። ፈረስ መኖ ይፈልጋል፣ መገራት ይፈልጋል፤ ልጅም ግልቢያውን ካባቱ ይማራል። መታሰቢያው ያልዛገው በየዓመቱ ሰው ስለሚሠራበት ነው።

ሰው የረሳው ብረት ምን እንደሚሆን ከፕራግ እንማር። እዚያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አንድ የሶቭየት ታንክ «ወደ ከተማው መጀመሪያ የገባው ይህ ነው» ተብሎ በመድረክ ላይ ተሰቀለ። እውነቱ ሲጣራ ግን መጀመሪያ የገባው ሌላ ታንክ ሆኖ ተገኘ። በሚያዝያ 1983 አንድ ወጣት የሥዕል ሰው ታንኩን ሮዝ ቀለም ቀባው፤ ብዙም ሳይቆይ ከቦታው ተነሣ። ሐሰት የተጻፈበት ብረት መጨረሻው ይኸው ነው።

በአንጻሩ አዲስ አበባ አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ እንይ። እዚያ ክብሩ ያለው በስም ነው። ከ1943 ጀምሮ ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ጦር የወደቁት ከ120 በላይ ናቸው፤ ስማቸውም ተጽፏል። የልጅ ልጅ መጥቶ «ይኸ አያቴ ነው» ይላል። ታንክ ላይ ጣቱን ቀስሮ እንዲህ ማለት የሚችል ማነው?

«ልጅ በእጁ የነካውን አይረሳም፤ ብረቱም ያስተምራል» የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው። ስለዚህ ጭራሽ አይቁም አንልም። ሲቆም ግን በወጉ ይቁም! ጥይትና ፈንጂ እንዳይኖርበት ባለሙያ ይፈትሸው። ነዳጁና ዘይቱ ይውጣ፤ ልጅ ገብቶ እንዳይታፈን በሩ በብየዳ ይታሸግ። አንዳንድ አሮጌ የጦር መኪና የዳሽቦርዱ ቁጥሮች በጨለማ እንዲያበሩ ራዲየም ባለበት ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ይኸ ለጤና አይበጅም። የእንጅባራን ዝናብ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቀለምና ጣራ የሌለው ብረት እዚህ አይከርምም። በየዓመቱ የቀለሙን ዋጋ የሚችለው ማነው? ይህ ሳይመለስ ክሬን መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስሙ ይቅደም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? ስለዚህ፦

1. እያንዳንዱ ቤት የዘመተ ሰው ካለው፣ ስሙን፣ የዘመተበትን ዓመትና ቦታ ለእድሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ። የትኛውም ዘመን ቢሆን፣ በየትኛውም መንግሥት ቢዘምት፣ ሰው ሰው ነው፤ አንዱ ተጽፎ አንዱ አይዘለል።

2. በሕይወት ያሉ አባቶችና እናቶች ቃላቸው ዛሬ ይጻፍ። ነገ ብንል አናገኛቸውም።

3. ጽሑፉ በአማርኛም በአዊኛም ይሁን።

መዝገቡ ሲሞላ ብረቱም ትርጉም ያገኛል። መዝገቡ ባዶ ሆኖ ታንክ ቢቆም ግን፣ ዘማቹን ሁለተኛ ቀበርነው ማለት ነው።

የሰፈሩ ነዋሪዎች ማኅበር
እንጅባራ