ሞያሌ፦ አንድ ኬላ፣ ሁለት መዝገብ

ሞያሌ በወሰን ለሁለት የተከፈለች አንዲት ከተማ ናት። ሰሜናዊው ክፍሏ በኢትዮጵያ፣ ደቡባዊው በኬንያዋ ማርሳቢት ካውንቲ ሥር ይተዳደራል። ለቦረናው፣ ለገሪው፣ ለቡርጂው ግን ዘመድ ከወዲያ፣ ገበያ ከወዲህ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና የያኔው ፕሬዝዳንት ኡሁሩ ኬንያታ እአአ በታኅሣሥ 2020 በጋራ የመረቁት የድንበር ጣቢያ ዓላማው የሁለቱን አገሮች ፍተሻ በአንድ ጣራ ሥር ማጠናቀቅ ነበር። ለነጋዴው ጊዜ ይቆጥባል። የመንገደኛውን ማንነት ግን በአንድ ጉዞ ከሁለት መንግሥታት ፊት ያቀርባል።

ናይሮቢና ሞምባሳ ሳፋሪኮም ከአሥር ዓመት በፊት ለፖሊስ በተከላቸው ካሜራዎች ይታወቃሉ። በሞያሌና ከእርሷ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ግን ክትትል ይበልጡን የሚገለጸው በመታወቂያ ጥያቄ፣ በጣት አሻራና በኬላ ፍተሻ ነው። ምክንያት የለውም ማለት አይቻልም። እአአ በ2015 የጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ጥቃት 148 ሰዎች ተገድለዋል፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ስደተኞችን የሚያሻግሩ ደላሎችም በዚሁ መስመር ይሠራሉ።

ክትትል የሚያፈራው መረጃ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ግን ሞያሌ ከማንም በላይ ታውቃለች። መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያው ሞያሌ ወታደሮች ዘጠኝ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ፤ ባለሥልጣናት የሰጡት ማብራሪያ ድርጊቱ የተፈጸመው «በተሳሳተ መረጃ» ነው የሚል ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወሰን ተሻግረው ኬንያ ገቡ፤ በስደተኛነትም ተመዘገቡ።

ምዝገባውም የራሱ ጣጣ አለው። በጋሪሳ አካባቢ በድርቅና በችግር ዘመን እርዳታ ለማግኘት ሲሉ በስደተኛ መዝገብ አሻራቸውን የሰጡ ኬንያውያን፣ ከዓመታት በኋላ የዜግነት መታወቂያ ሲጠይቁ «ስደተኛ ናችሁ» ተብለው ተመልሰዋል። ለቀለብ የተሰጠ አሻራ ዜግነትን መንጠቂያ ሆነ ማለት ነው። በድንበር አካባቢ ማኅበረሰቦች ላይ የነበረውን ተጨማሪ የመታወቂያ ማጣሪያ ፕሬዝዳንት ዊልያም ሩቶ ያስቀሩት እአአ በየካቲት 2025 ነው።

የኬንያ ፍርድ ቤቶች ዝም አላሉም። እአአ በጥር 2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለሁዱማ ናምባ ምዝገባ ዘረመልና የመኖሪያ ቦታ መጋጠሚያ እንዳይሰበሰብ ከለከለ፤ በ2021 ደግሞ የካርዱ ሥርጭት የመረጃ ጥበቃ ሕጉን ያልጠበቀ ነው አለ። ይሁንና ይኸው ፍርድ ቤት በ2015 የጸጥታ ሕጉን ስምንት አንቀጾች ሲሽር፣ ሽብርን ለመከላከል ግንኙነትን መጥለፍ የሚፈቅደውን ሳይነካው አልፏል። የ2019ኙ የመረጃ ጥበቃ ሕግም ለብሔራዊ ደኅንነት በር ክፍት አድርጓል፤ በድንበር ከተማ ደግሞ ይህ ቃል የማይሸፍነው ነገር ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያም በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ታከብራለች፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም አውጥታለች። ጥበቃውን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ በኬንያ በኩል የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር አለች። የሁለቱም ሥልጣን የሚመነጨው ግን ከየአገራቸው ሕግ ነው። በአንድ ጣራ ሥር አሻራዋን የሰጠች ነጋዴ መዝገቡ ተሳስቶ ብታገኘው፣ አቤቱታዋን ለየትኛው እንደምታቀርብ አስቀድማ መለየት ይኖርባታል፤ ከሞያሌ የአንዱ ዋና መሥሪያ ቤት ወደ ሰሜን፣ የሌላው ወደ ደቡብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ።