የኮምፒዩተር ግምትና የነጋዴው መዝገብ

በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ወረዳዎች የሚገኘው ነጋዴ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሒሳቡን ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር ይዟል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በዚህ መዛወር መካከል ብዙ ሰው ልብ ሳይለው የሚያልፍ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በደብተሩ ላይ የተጻፈው ነገር ምን እንደ ሆነ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ነው። ነጋሪ ሲያጣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ይገምታል። የሚገምተውም በልበ ሙሉነት ነው፤ ቢሳሳትም አያፍርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመረጃ ቋት የሚባለው በሠንጠረዥ የተከፋፈለ መዝገብ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ዓምድ ይህ ቀን ነው፣ ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ ጽሑፍ ነው ተብሎ ስምና ዐይነት ሊወጣለት ግድ ነው። ይህን አከፋፈል የሠንጠረዥ ንድፍ ልንለው ይቻላል። ከሱቅ የሚመጣው ጥሬ ፋይል ግን በነጠላ ሰረዝ የተለያየ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ ንድፍ የለውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ መስመሮቹን እያነበበ ከጠባቡ ዐይነት ይጀምራል፤ በዓምዱ ያለው ሁሉ ቀን ሊሆን ይችላልን? ካልሆነስ ሙሉ ቁጥር ነውን? ነጥብ ያለው ቁጥርስ? ሁሉም እንቢ ሲለው ጽሑፍ ነው ብሎ ይተወዋል። መስመሩን ሁሉ የሚያነቡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ነገር ግን ቢግኩዌሪ የተባለው የጉግል የመረጃ ቋት ዐይነቱን የሚወስነው ቢበዛ የመጀመሪያዎቹን 500 መስመሮች አይቶ ነው፤ ደክዲቢ የተባለው ደግሞ ሌላ ካልታዘዘ በቀር 20480 መስመር በናሙና ይወስዳል። እንግዲህ አንድ የወረታ ሩዝ ነጋዴ የመጀመሪያዎቹን 500 ሽያጮች በሙሉ ኩንታል ሸጦ በ501ኛው ግማሽ ኩንታል ቢጨምር፣ ዓምዱ ቀድሞ «ሙሉ ቁጥር» ተብሎ ስለ ተፈረደበት ፋይሉ ከደጅ ሊመለስ ይችላል። ይህ እንኳ ደግ ነው፤ የተመለሰ ፋይል ስሕተቱን ይናገራልና። የሚያስፈራው ሳይመለስ የሚገባው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የኢትዮጵያን ነጋዴ የሚጎዳው የቀን ዓምድ ነው። ባለሱቁ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሸጠውን ዕቃ 12/7/2016 ብሎ ይጽፋል። ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቈጣጠር ማርች 21 ቀን 2024 ነው። በአሜሪካ ልማድ የተሰናዳ ኮምፒዩተር ግን ዲሴምበር 7 ቀን 2016፣ በእንግሊዝ ልማድ የተሰናዳውም ጁላይ 12 ቀን 2016 ያደርገዋል፤ ሁለቱም ከእውነተኛው ቀን ከሰባት ዓመት በላይ የራቁ ናቸው። ዕቃው በዱቤ የተሰጠ ከሆነ የትናንቱ ዕዳ የሰባት ዓመት ውዝፍ መስሎ ይታያል። በማግሥቱ ባለሱቁ 13/7/2016 ብሎ ሲጽፍ ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። የአሜሪካውን ልማድ የያዘው ኤክሴል ዐሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ይህን ጽሑፍ ነው ብሎ ይተወዋል። የመጋቢት 12ና የመጋቢት 13 ሽያጭ በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ዐይነት ሆነው ይቀመጣሉ፤ በቀን ቅደም ተከተል ይደርደሩ ሲባልም አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሄዳል።

ጥቅምት 30 ከተጻፈም እንዲሁ ነው። 30/2 በፈረንጁ አቈጣጠር የፌብሩዋሪ ሠላሳ ይሆናልና እንዲህ ያለ ቀን በዓለም የለም። ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ወርን አስቀድሞ 13/5/2016 ተብሎ ሳይሆን የኛ ሰው እንደሚጽፈው ቀኑ ቀድሞ 5/13/2016 ሲጻፍ፣ አሜሪካዊው ኮምፒዩተር ሜይ 13 ነው ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። የዓመቱ መዝጊያ ሒሳብ በክረምቱ ዳር መሆኑ ቀርቶ በፀደይ መካከል ይገኛል ማለት ነው። የሰዓቱ ነገር ይቆይ፤ ከጧቱ 3 ሰዓት የተባለው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኖ ይመዘገባል።

በአስመጪዎች ዘንድ ችግሩ ይብሳል። ከውጭ አገር የሚመጣው ፋክቱር በፈረንጅ ቀን፣ በአገር ውስጥ የሚቈረጠው ደረሰኝ በአገሩ ቀን ይጻፋል፤ ሁለቱ በአንድ ዓምድ ሲገናኙ የቱ የማን እንደ ሆነ የጻፈው ሰው ካልተናገረ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከቀን ቀጥሎ የሚያጠፋው የመለያ ቁጥር ነው። በ09 ወይም በ07 የሚጀምረውን የስልክ ቁጥር ኤክሴል ቁጥር ነው ብሎ ሲገምት የፊተኛውን ዜሮ ይጥለዋል። ዐሥር አኃዝ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በ00 የሚጀምር ሲሆን ስምንት አኃዝ ብቻ ይቀረዋል፤ ገዢው ደረሰኙን ይዞ ሲቀርብ የሻጩ ቁጥር ከማንም ጋር አይገጥምም። በፋይዳ ካርድ ላይ የታተመው ባለ 16 አኃዝ ቁጥር ደግሞ የባሰ ነገር ያገኘዋል። ኤክሴል ቁጥርን በትክክል የሚይዘው እስከ 15 አኃዝ በመሆኑ የመጨረሻውን አኃዝ ወደ ዜሮ ይለውጠዋል። የተጣለ ዜሮ ይመለሳል፤ የተለወጠ አኃዝ ግን ዋናው ካርድ ካልተገኘ በምንም አይመለስም። እዚህ ላይ ነጋዴው ሊይዘው የሚገባ ቀላል መለኪያ አለ፤ የማይደመርና የማይባዛ ቁጥር ቁጥር አይደለም፣ በአኃዝ የተጻፈ ስም ነው። ስለዚህ ጽሑፍ ተብሎ ይግባ።

በአንጻሩ ሊደመር የሚገባው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። ጸሐፊው በአንዱ መስመር 12፣ በሌላው «12 ኩንታል»፣ በሦስተኛው ፲፪ ብሎ ቢጽፍ ኤክሴል የሚደምረው የፊተኛውን ብቻ ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን ድምፅ ሳያሰማ ያልፋቸዋል። የጉና ገብስም ሆነ የፎገራ ሩዝ በመዝገቡ ላይ ሲሶው ብቻ ይታያል። ቁጥሩ በትክክል ቢነበብ እንኳ መለኪያውን ፋይሉ አይናገርም፤ በጣሳ የተሰፈረውና በኩንታል የተመዘነው በኮምፒዩተሩ ፊት እኩል ናቸው። ባዶ ቦታም እንዲሁ ነው፤ ዕዳ የለበትም ማለት ነውን ወይስ ዕዳው ገና አልተጻፈም?

ይህ የገጠር ሱቅ ችግር ብቻ መስሎ የሚታየው ቢኖር የሊቃውንቱን ታሪክ ይስማ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት፣ የጂን ስም ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ከታተሙ የሳይንስ ጽሑፎች መካከል አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ባለው ግምት የተበላሸ ስም እንዳለባቸው አሳየ። «ማርች 1» እና «ሴፕት 1» የሚባሉትን ጂኖች ኤክሴል የማርችና የሴፕቴምበር መባቻ እያደረገ ይጽፋቸው ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጂኖቹን ስም መለወጡን አስታወቀ። ኤክሴልም በኦክቶበር 2023 ይህን ልማዱን የሚያስቆም ማዘዣ አወጣ፤ ይሁን እንጂ ባለቤቱ ገብቶ ካላጠፋው ግምቱ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። ሊቃውንቱ ለመሣሪያ ሲሉ ስም መለወጥ ችለዋል፤ የደብረ ታቦር ነጋዴ ግን ጳጉሜን መለወጥ አይችልም።

ግምት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አርባ ዓምድ ያለውን ፋይል በደቂቃ ውስጥ ከፋፍሎ ረቂቅ ንድፍ ማቅረቡ ባለሙያ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ባለሱቅ ትልቅ እርዳታ ነው። ጥፋቱ ረቂቁን እንደ ጸደቀ ሰነድ መቀበል ላይ ነው። ፕሮግራሞቹ ከቀን ወደ ቀን ብልህ እየሆኑ ነውና አያሳስብም የሚሉ አሉ፤ እውነትም 13ኛ ወር ያየ ብልህ ፕሮግራም አቈጣጠሩ የኢትዮጵያ መሆኑን ሊነቃበት ይችላል። ነገር ግን ጳጉሜ በዓመት 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ናት። የመጋቢት ወር ፋይል ብቻውን ሲቀርብለት 12/7/2016 የማን ቀን እንደ ሆነ የሚያመለክት አንድም ምልክት በውስጡ የለም፤ የሌለውን ምልክት ብልህነት አያመጣውም።

ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሲሠራ ብረቱ የፈሰሰው በተሰናዳ ቅርጽ ውስጥ ነው። ለመዝገብም ቅርጹ መቅደም አለበት፤ ይህም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከእያንዳንዱ ፋይል ጋር አንድ ገጽ ይሂድ፤ በገጹም የየዓምዱ ስምና ዐይነት፣ መለኪያው፣ ቀን ከሆነም አቈጣጠሩ ይጻፍ። የአገሩና የፈረንጁ ቀን በየራሳቸው ዓምድ ቢቀመጡና ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ቢጻፉ ቀንና ወር መለዋወጡ ይቀራል። ያልታወቀውና ዜሮ የሆነውም ይለዩ። ፋይሉ ከገባ በኋላ ጸሐፊው የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውንና የመጨረሻውን መስመር ከደብተሩ ጋር ያመሳክር፤ ድምሩንም በእጅ ከተደመረው ጋር ያስተያይ።

እያንዳንዱ ሱቅ ይህን ገጽ በየራሱ ቢያወጣ ግን የነፋስ መውጫው ከወረታው፣ የአዲስ ዘመኑም ከእስቴው አይገጥምም። ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቱ አንድ ወጥ ቅጽ አዘጋጅቶ ለአባሎቹ ቢያድል፣ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የኮምፒዩተር መምህራን ረቂቁን እንዲመለከቱት ቢጠይቅ መልካም ነው። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚገባ ቅጹ እስከ ሰኔ አጋማሽ ቢደርስ ነጋዴው አዲሱን ሒሳብ በአዲሱ ንድፍ ለመጀመር ይችላል።