«ይሄ ለገበሬው ምኑ ነው?»

«ችግር ፈቺ ምርምር» ሲባል መስማት ሰልችቶኛል። ስብሰባ በተከፈተ ቁጥር አፍ ማሟሻው እሱ ነው። ባነሩ ላይ አለ። የክብር እንግዳው ንግግር ውስጥ አለ። የምርምር ማመልከቻ ቅጹ ላይም «ለማኅበረሰቡ የሚያስገኘው ፋይዳ» የሚል ቦታ ተከልሎለታል። እዚያ የሚጽፈው የጠፋበት ወጣት ወረቀቱን ሰብስቦ ይወጣል። አንዱ ሲወጣ አይቻለሁ። የዶሮ ቫይረስ ጂን ላጥና ባለ፣ ገምጋሚው «ይሄ ለገበሬው ምኑ ነው?» አለው። አዳራሹ ሳቀ።

ምን ያስቃል?

በ1911 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ የሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ተመራማሪ ፔይተን ራውስ አንድ ሥራ አሳተመ። ደረቷ ላይ ዕጢ የወጣባት ዶሮ መጥታለት ነበር። ዕጢውን ከአሸዋ ጋር ፈጨው፣ ሕዋስ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለለው፣ ፈሳሹን ጤነኛ ዶሮዎች ወጋ። እነሱም ዕጢ አወጡ። ካንሰሩን ያስተላለፈው ቫይረስ ነበር። የዶሮ ነገር ነው ተብሎ ተናቀ። ኖቤል የተሸለመው በ1966 ነው፤ በ87 ዓመቱ! በ1976 ደግሞ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ቢሾፕ፣ ቫርመስና ባልደረቦቻቸው ያ ቫይረስ ካንሰር የሚያመጣበት ጂን ከጤነኛ ዶሮ የተሰረቀ መሆኑን አሳዩ። አቻው በሰውም ውስጥ አለ። ደህና ሲሆን የሕዋስን እድገት ያግዛል፤ ሲበላሽ ይገድላል።

ቀጥሎ የመጣው፣ የእንዲህ ያሉ ጂኖች የሰው አቻ የትኛው ክሮሞዞም ላይ እንዳለ የመፈለግ ሥራ፣ በእኛ ገምጋሚዎች ፊት ጭራሽ አፉን ባልከፈተም ነበር። የሰውን ሕዋስ ከአይጥ ወይም ከሃምስተር ሕዋስ ጋር ያዋህዳሉ። ድቅሉ እየተራባ ሲሄድ የሰውን ክሮሞዞሞች አንድ በአንድ ይጥላል። ተመራማሪው የትኛው ክሮሞዞም ሲኖር የጂኑ ምልክት እንደሚታይ፣ የትኛው ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ ቁጭ ብሎ ይመዘግባል። በ1982 በዚህ መንገድ የሁለት የቫይረስ ጂኖች የሰው አቻ አድራሻ ታወቀ። «ኤብል» የተባለው፣ ከአይጥ ቫይረስ የታወቀው፣ ክሮሞዞም 9 ላይ። «ፌስ»፣ ከድመት ቫይረስ የታወቀው፣ ክሮሞዞም 15 ላይ። በቃ፣ ግኝቱ ይኸው ነው። እስቲ ፋይዳውን ሙሉልኝ!

ፋይዳው ግን ነበረ። አንድ ዓይነት የደም ካንሰር ያለባቸው ሰዎች የተቆረጠ ክሮሞዞም እንዳላቸው ከ1960 ጀምሮ ይታወቃል። በ1973 ጃኔት ራውሊ ክሮሞዞም 9 እና 22 ቁራጭ እንደተለዋወጡ አሳየች። ኤብል 9 ላይ መሆኑ ሲታወቅ፣ በዚያው በ1982፣ በታማሚዎቹ ሕዋስ ውስጥ ወደ 22 መዛወሩ ተገኘ። እዚያ ከሌላ ጂን ጋር ተጣብቆ፣ ሥራውን ማቆም የማያውቅ ኢንዛይም ይሠራል። ያንን ኢንዛይም የሚያስቆመው ግሊቬክ የተባለ መድኃኒት በ2001 አሜሪካ ውስጥ ጸደቀ። በጥቂት ዓመታት ይገድል የነበረ ካንሰር ለብዙዎች በየቀኑ ኪኒን እየዋጡ የሚኖሩበት ሕመም ሆነ። እዚሁ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእርዳታ የመጣውን ይህንኑ መድኃኒት በነጻ የወሰዱ ሰዎች አሉ።

ፌስስ? እንዲህ ያለ መድኃኒት አልወለደም። ሁለቱ ጂኖች በአንድ ጥናት፣ በአንድ ዘዴ፣ በአንድ ዓመት ነው አድራሻቸው የታወቀው። በ1982 የትኛው ሰው እንደሚያድን ማን ያውቅ ነበር? ማንም! ታዲያ ቅጽ አስሞልቶ ፋይዳውን አስቀድሞ የሚያውቀው የእኛ ኮሚቴ ነቢይ ነው?

«ድሃ ነን፣ ይሄ ለሀብታም አገር ይቅር» ይሉኛል። የማዳበሪያና የወባ ጥናት ይቅር ያለ ሰው የለም። ግን ካንሰር የማን በሽታ ነው? ዴኒስ በርኪት በ1958 የገለጸው የሕፃናት የመንጋጋ ዕጢ ከኡጋንዳ ነው የተገኘው፤ ወባ በበዛበት የአፍሪካ ምድር በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። በ1982 እዚያ ዕጢ ውስጥ ክሮሞዞም 8 ላይ የተሰበረው ቦታ ሲመረመር «ሚክ» የተባለ ጂን ተገኘ። መጀመሪያ የታወቀው ከምን ይመስላችኋል? ከሌላ የዶሮ ቫይረስ! የአፍሪካን ሕፃን መንጋጋ የሚያሳብጠውን ጂን ያስተዋወቀችው የተሳቀባት ዶሮ ናት።

ግብዝነቱ ነው የሚያንገበግበኝ። መድረክ ላይ «ተግባራዊ ያልሆነ ምርምር ቅንጦት ነው» የሚለው ባለሥልጣን፣ ሕመም ሲጠናበት ባንኮክ ወይም ዴልሂ ነው የሚበረው። እዚያ የሚዋጠው ኪኒን ከምን መጣ? ከቅንጦት! «ችግር ፈቺ» ተብለው የጸደቁት ጥናቶችስ የት ናቸው? መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሰዋል። ይህን እናንተም ታውቃላችሁ። በሻይ ሰዓት ታወሩታላችሁ፤ ስብሰባው ሲጀመር ጭጭ ትላላችሁ። ጥያቄ መጠየቅ የተከለከለው ልጅ ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፤ የሰው አገር ላብራቶሪ ውስጥ ይጠይቃል። እኛ ውጤቱን በልመና እንቀበላለን።

ገምጋሚ ኮሚቴ ላይ የምትቀመጡ መምህራን፣ እናንተን ነው የምለው። ከምርምር በጀቱ ጥቂቱን እንኳ ያ የፋይዳ ቦታ ባዶ ለሆነባቸው ጥሩ ጥያቄዎች አስለዩ። በሚቀጥለው ግምገማ አንዱ «ለገበሬው ምኑ ነው?» ብሎ ሲያስቅ አትሳቁ። እጃችሁን አውጡና የኤብልን ታሪክ ንገሩት።