ከሮቶው በፊት መሠረቱ ይታሰብ

በደቡብ ጎንደር ደጋ የውሃ ችግር የዝናብ ማነስ ብቻ አለመሆኑ የታወቀ ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ ያለው የደብረ ታቦር አካባቢ በዓመት በአማካይ ከ1,200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ ርብና ጉማራም ከዚሁ ደጋ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ችግሩ የዝናቡ አብዛኛው ክፍል ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ማለቁ ነው። በጋ ሲገባ እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን አዝለው ወደ ምንጭ ይመላለሳሉ።

በመሆኑም ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ በደጃፍ ማጠራቀም ጠቀሜታው ግልጽ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። በዚህ ስሌት 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ አምስተኛው እጅ ቢባክን እንኳ፣ በዓመት ወደ 38,000 ሊትር ያስገኛል። በመስከረም መጨረሻ የሞላ ባለ 2,000 ሊትር ማጠራቀሚያ መቶ ጀሪካን ማለት ነው። በቀን አንድ ጀሪካን ለመጠጥ ብቻ የሚቀዳ ቤተሰብ ከአጨዳው አልፎ እስከ ጥር መግቢያ ይደርስበታል።

ይሁን እንጂ በተለምዶ ሮቶ ስለሚባለው ስለዚህ ማጠራቀሚያ የሚነገረውን ያህል ስለሚቆምበት መሠረት አይነገርም። በዕቅድም ሆነ በሪፖርት የሚቆጠረው ሮቶው ነው፤ መሠረቱ ለባለቤቱ ይተዋል። ጉዳቱ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

የውሃ ክብደት

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ባዶውን በሁለት ሰው ሸክም የመጣው ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ 20 ኩንታል ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ካሬ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ የሚያርፍ ጭነት ነው። ለትምህርት ቤትና ለጤና ኬላ የሚተከለው ባለ 10,000 ሊትር ደግሞ 100 ኩንታል ይመዝናል። የደብረ ታቦር ሰው ይህን በቅርቡ ባለው ታሪክ ሊመዝነው ይችላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀረጹት፣ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት መቅደላ የደረሰው ሴባስቶፖል መድፍ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። ለመድፉ መንገድ ከተጠረገ፣ ከእርሱ ለሚከብደው ውሃ መሠረት መነፈግ የለበትም።

መሠረቱ በአንድ ወገን ከሰመጠ ሮቶው ያጋድላል፤ ጭነቱ ሁሉ ወደዚያው ወገን ይሄዳል፤ የቧንቧው መጋጠሚያ ይላቀቃል፤ የታችኛው አካል ይሰነጠቃል። በባሕር ዛፍ ርብራብ ላይ ሲቀመጥም በእንጨቶቹ መካከል እየሰረጎደ ይጎዳል፤ እንጨቱ በስብሶ የተሰበረ ዕለት ደግሞ 20 ኩንታል ውሃ ይወድቃል። ከሥሩ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ሕፃን ልጅ ነውና ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

የ1995 ዓ.ም. ትምህርት

በ1995 ዓ.ም. ድርቁ በበረታ ጊዜ የአማራና የትግራይ ክልሎች በየገበሬው ጓሮ ውሃ የማጠራቀም ሰፊ ዘመቻ አካሂደዋል። በፕላስቲክ የተነጠፉ ኩሬዎችና በሲሚንቶ የተለሰኑ ጉድጓዶች በብዛት ተሠሩ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ውሃ መያዝ አልቻሉም። ምክንያቶቹ ዛሬም ሊጠኑ ይገባል፦ ሥራው በጥድፊያና በቁጥር ኮታ ተካሄደ፤ የአፈሩ ዓይነት በሚገባ ሳይታይ ተቆፈረ፤ ሲሚንቶው በቂ ውሃ ሳይጠጣ ደረቀና ተሰነጠቀ። የዘመቻው ሐሳብ ትክክል ነበር፤ የጎደለው መሠረቱ ነበር። ዛሬ በኩሬው ምትክ ሮቶ ቢመጣም የአሠራሩ ጉድለት አብሮ እንዳይመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አፈሩን ማወቅ

በደጋው ወገብ ላይ ያለው ቀይ አፈር ጥሩ ተሸካሚ ነው። የላይኛው ለም አፈር ተነሥቶ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ቢቆፈር ጠንካራው ይገኛል። በፎገራ ሜዳና በየረባዳው ያለው ዋልካ ግን በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የተሠራበትንም አብሮ ያነሣል፣ ይጥላል። እዚህ ላይ አንድ ሜትር ያህል ቆፍሮ ዋልካውን ማውጣትና በድንጋይና በጠጠር መተካት ግድ ነው። በተዳፋት ቦታ ደግሞ ግማሹ በተቆረጠ፣ ግማሹ በተደለደለ አፈር ላይ የሚያርፍ መሠረት ሳይውል ሳያድር ያጋድላል፤ ሙሉ በሙሉ በተቆረጠው ላይ ይረፍ።

አሠራሩ

ለባለ 2,000 ሊትር ሮቶ 1.6 ሜትር በ1.6 ሜትር የሆነ መሠረት ይበቃል። ከሮቶው ግርጌ በየወገኑ አንድ ስንዝር ያህል መትረፍ አለበት። ዙሪያው በድንጋይ ግንብ ይታጠራል፤ ውስጡ በድንጋይና በጠጠር ይሞላል። ሙሌቱ በአንድ ጊዜ አይደፋም፤ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እየተረጨ ይደቀደቃል። ከመሬት በላይ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ጀሪካን ከቧንቧው ሥር ይቆማል።

ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይነጠፋል፤ ድብልቁ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ነው። ለዚህ ንጣፍ ባለ 50 ኪሎ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ለዙሪያው ግንብ ከሁለት እስከ ሦስት ከረጢት ይበቃል። ግንበኛው ንጣፉን በሁሉም አቅጣጫ በውሃ ልክ ይፈትሸው። ከዚያም በገለባ ተሸፍኖ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ገለባው ቀን ከፀሐይ፣ ሌሊት ከውርጭ ይጠብቀዋል። ሮቶው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይቀመጥ። መጀመሪያ ሲሞላም ሲሶው ብቻ ተሞልቶ ይደር፤ በማግስቱ በውሃ ልክ ተፈትሾ ካላጋደለ ይቀጥል። ከቧንቧውና ከሮቶው አፍ የሚፈሰው ትርፍ ውሃም በቦይ ይራቅ፤ አለዚያ መሠረቱን ሥር ሥሩን ይሸረሽረዋል።

የመሪዎች ድርሻ

ከ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ወዲህ የገበሬ ማኅበር ሲባል በኖረው፣ ዛሬ ቀበሌ በሚባለው አካል ላይ ያሉ መሪዎች በዚህ ረገድ የሚጠብቃቸው ሥራ ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ማስጠበቅ ነው። መሠረቱ ተሠርቶ ሳይታይ ሮቶ አይታደል። ሪፖርቱም የታደለውን ሳይሆን ክረምትን ተሻግሮ ውሃ የያዘውን ይቁጠር።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ መናሩ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም የመንገድ መስተጓጎል መድረሱ ይታወቃል። የተሰበረን ሮቶ መተካት ለአንድ ገበሬ ዕዳ ነው። ድንጋይና ጉልበት ግን በየቀበሌው አለ። ከጥር እስከ መጋቢት፣ ውቂያው ካለቀ በኋላ፣ በደቦ ድንጋይ ማጓጓዝና መቆፈር ይቻላል። ደቦውም ጉልበት ካላቸው ቤቶች ሳይሆን ከአረጋውያንና ባል ከሞተባቸው ሴቶች ደጃፍ ቢጀምር ተገቢ ነው፤ ምንጩ ከሁሉ ይልቅ የሚርቀው ለእነርሱ ነውና።

በየቀበሌው ሁለት ግንበኞች ይህን ሥራ በሚገባ ቢያውቁ፣ አንድ የኮሚቴ አባልም ውሃ ልክ ይዞ ከሰኔ ዝናብ በኋላ በየቤቱ ቢዞር፣ ጥፋቱ ገና በጣት የሚለካ ሳለ ይታረማል። የዘንድሮው ክረምት ከመግባቱ በፊት ይህ ሥራ በየቀበሌው ስብሰባ ላይ ሊነሣና ኃላፊ ሊመደብለት ይገባል።