«አስፈላጊውን ጥንቃቄ» የት ነው የሚሸጠው?

ሰሞኑን ከኮተቤ ወደ መገናኛ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቄ ሬዲዮ ሰማሁ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የበልጉ ዝናብ ከእንጦጦ በኩል እየተንደረደረ እየመጣ በረዶውን በየቆርቆሮው ላይ ሲያራግፍ ሰንብቷል። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁለት ኮረቱን ይዞ ወርዷል፤ ቀበናም ደፍርሶ ሲያጓራ አድሯል። ያን ቀን ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ ገና በሦስት ሰዓት ትለበልባለች። የሬዲዮው እንግዳ የትንበያ ሰው ነው። ዝናቡ በሥርጭትም በመጠንም እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ የቀኑ ሙቀት ደግሞ እንደሚጨምር፣ በቆላማ አካባቢዎችም ይበልጥ እንደሚበረታ አስረዳ። እስከዚህ እሰየው። ከዚያ ያቺ የማትቀረው ዓረፍተ ነገር መጣች፦ «ስለሆነም ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ እናሳስባለን።»

ጋዜጠኛው፣ እግዜር ይስጠው፣ «ምን ዓይነት ጥንቃቄ?» ብሎ ጠየቀ። እንግዳው ጉሮሮውን ጠራርጎ «እንደየአካባቢው ተጨባጭ ሁኔታ» አለ። ጋዜጠኛውም አመስግኖ ዘፈን ጋበዘን።

ስለ ትንበያው አንድ ክፉ ቃል የለኝም። ዝናቡ ይቀንሳል አለ፤ ቀነሰ። ፀሐይዋ ትበረታለች አለ፤ ይኸው አናቴ ምስክር ነው። ሳተላይቱም ሞዴሉም ሥራቸውን ሠርተዋል። ጠቤ ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ጋር ብቻ ነው፤ ከእሷ ጋር ግን የቆየ ጠብ ነው።

ለመሆኑ «ኅብረተሰቡ» ማነው? በመሥሪያ ቤት አማርኛ ኅብረተሰቡ ማለት ጥፋት የሚላከክበት ሰውዬ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ቱቦ ውስጥ ቆሻሻ የጣለው እሱ ነው። ሲሞቅ ያልተጠነቀቀው እሱ ነው። «ግንዛቤው ዝቅተኛ» የሚባለውም እሱው ነው። የሚያሳስበው መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ወረዳው ግን አንድም ቀን «ኅብረተሰቡ» ውስጥ ተቆጥረው አያውቁም። «አስፈላጊው» የምትለውም የዋዛ ቃል አይደለችም። የሚያስፈልገው ነገር አስቀድሞ የታወቀ፣ የተጻፈ፣ ለየቤቱ የታደለ ታስመስለዋለች፤ አላውቀውም ያለ ደግሞ ሞኝነቱን ይናዘዝ! «እናሳስባለን» ስትጨመር ደረሰኙ ተቆረጠ። ነገ አንዱ ፀሐይ ላይ ቢወድቅ «ተናግረን ነበር» የሚባልባት፣ ፋይል ውስጥ ገብታ የምትቀመጥ ደረሰኝ።

ያቺው ዓረፍተ ነገር፣ ነጠላ ሰረዟ እንኳ ሳትለወጥ፣ ለጋምቤላም ለየካም ትነበባለች። ጋምቤላ በየካቲትና በመጋቢት 40 ዲግሪን ተሻግሮ የሚውል አገር ነው። እዚያ ያሉት ሰዎች ግን ሙቀቱ ሲመጣ የመሥሪያ ቤት መግቢያና መውጫ ሰዓት ይለውጣሉ፤ ጠዋት በጊዜ ይገባል፣ የቀትሩ ጊዜ ይዘለላል። ከድንበሩ ማዶ ደቡብ ሱዳን በመጋቢት 2016 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ሲባል የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች በሙሉ ዘጋች፤ ከፍቶ የተገኘ ትምህርት ቤት ፈቃዱን እንደሚነጠቅም ነገረች። ይህ ጥንቃቄ ይባላል፤ አድራጊው ማን እንደሆነ፣ የሚደረገውም ምን እንደሆነ ይታወቃል። ደቡብ ሱዳን ሀብታም ሆና አይመስለኝም።

«አዲስ አበባ ደግሞ ምን ሙቀት አላት?» የሚሉኝ አሉ። «የ13 ወር ፀጋ» የምትለው የቀድሞ የቱሪዝም መፈክር አናታቸው ላይ የወጣችባቸው ናቸው። ልክ ነው፣ 40 ዲግሪ የለንም። ግን በሬዲዮ የሚነገረን ቁጥር የሚለካው የት እንደሆነ ይወቁት፦ ከመሬት ሜትር ከሩብ እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ በቆመ፣ ነጭ በተቀባ፣ ጎኑ ነፋስ በሚያስገባ ሣጥን ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ሣር ላይ። ቴርሞሜትሩ ከእኔ የተሻለ ቤት አለው! ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በስምንት ሰዓት ያለውን ሙቀት ያ ሣጥን አያውቀውም። ደግሞ የካ አንድ ክፍለ ከተማ ይባል እንጂ የእንጦጦ አናት ወደ 3,200 ሜትር ነው፤ መገናኛ ከዚያ ወደ 800 ሜትር ዝቅ ይላል። በዚህ ልዩነት አራት አምስት ዲግሪ ይሄዳል። እላይ ጋቢ የተከናነበውና እታች ሸሚዙ ጀርባው ላይ የተጣበቀበት «እንደየአካባቢው ተጨባጭ ሁኔታ» ይጠንቀቁ ነው ነገሩ።

ከሚኒባሱ ወርጄ ሾላ ገበያ ሄድኩ። ደንበኛዬ የሆኑ አንዲት ቅቤ ነጋዴ እናት አሉ። ከቀትር በፊት ለጋው ቅቤ ቅርጹን ይዞ ይቆማል፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ትከሻው መውረድ ይጀምራል። ኮባውን ያለብሱታል፣ ከጆጉ ውኃ በእጃቸው እያፈሱ ይረጩበታል፣ ሳህኑን ከጥላው ጋር እያዞሩ ይጎትቱታል። ጥላው ያለቀ ጊዜ የራሳቸውን ነጠላ ይደርቡለታል። «እማማ፣ ሙቀት ይጨምራልና ተጠንቀቁ እያሉ ነው» አልኳቸው።

«ከምኑ ነው የምጠነቀቀው ልጄ?»

«ከፀሐዩ።»

«እና ቤቴ ልግባ? ቤቴ ከዚህ አይብስም?» አሉና ሳቁብኝ። ቀድሞ ከላያቸው የተወጠረች ሸራ ነበረች። ለከተማ ውበት አትመችም ተብላ ተነስታለች። እንግዲህ «አስፈላጊው ጥንቃቄ» ያቺ ሸራ ነበረች፤ አድርገውትም ነበር።

ከዚህ በላይ ምን ይደረግ ለሚል ሰው የፈረንሳይን ነገር ላንሳ። የእኛን ፈረንሳይ ለጋሲዮን ማለቴ አይደለም፤ ዋናዋን ነው። በነሐሴ 1995 የወረደባት ሙቀት ወደ 15,000 ሰው ገደለባት። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ያለ ማዘጋጃ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ስም መዝግቦ ይይዛል፤ ሙቀት ሲመጣ ይደወልላቸዋል። ፈረንጅ ነው፣ ገንዘብ አለው ካላችሁኝም ሕንድ አለችላችሁ። አሕመዳባድ በ2002 ሙቀት ከ1,300 በላይ ሰው ከቀበረች በኋላ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ዕቅድ አወጣች። ዲግሪው ይህን ሲደርስ ሆስፒታሉ ይህን ያደርጋል፣ ያን ሲደርስ መናፈሻው ክፍት ሆኖ ይቆያል ብላ ጻፈች፤ የድሆችን ጣሪያም በኖራ ነጭ አስቀባች። ኖራ! የእኛ ሰው አጥሩን የሚቀባበት ኖራ።

የእኛ ዕድር የብቸኛ አረጋውያንን ስም ከማንም በላይ ያውቃል። ዕድሩ መዝገብ አለው፣ ለፋፊ አለው፣ ድንኳን አለው። ድንኳኑ ግን የሚወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ሙቀት ሲመጣ የገበያ ዳር ላይ ትከሉት ብሎ የጠየቀው አንድም አሳሳቢ አላጋጠመኝም።

ያ የሬዲዮ እንግዳ ምናልባት ጥሩ ሰው ነው። ድምፁ ረጋ ያለ ነው፤ የሚናገርበት ስቱዲዮም ማራገቢያ ሳይኖረው አይቀርም። በክፉ አያስበኝ፣ ቤቴ ልጋብዘው። ከፈለገ ማስታወሻ ደብተርም ይያዝ፤ ቆርቆሮው ሥር ለግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ አስፈላጊውን ጥንቃቄ ሲያደርግ አይቼ እማራለሁ። ስምንት ሰዓት ላይ ይምጣ። ውኃችን በፈረቃ ስለሆነ የሚጠጣውን ይዞ ይምጣ።